ገዳይን የያዘው ልብ አዋቂ አይደለም

በወንጀል ድራማ ወዳጆች ዘንድ «ማይንድኸንተር» የተለየ ክብር አለው። ተኩስና የመኪና ሩጫ የሚበዛባቸውን ተከታታይ ፊልሞች የሚንቅ ተመልካች እንኳ ይህን ሲያነሣ «ይሄኛው ግን እውነተኛ ነው» ይላል። ሁለት የኤፍቢአይ ሰዎች ቴፕ መቅረጫ ተሸክመው ከእስር ቤት እስር ቤት ይዞራሉ፤ ብዙ ነፍስ ያጠፉ ሰዎች ፊት ተቀምጠው ይጠይቃሉ፤ ከመልሱ ውስጥ ቀስ እያለ አዲስ ዕውቀት ሲወለድ እናያለን። ኔትፍሊክስ በ2017 እና በ2019 ያወጣው፣ ዴቪድ ፊንቸር በርካታ ክፍሎቹን ያዘጋጀው ይህ ባለ19 ክፍል ድራማ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በትወናውም በአሠራሩም ከአምሳያዎቹ ሁሉ ይበልጣል። ልከራከረው የመረጥሁትም ስለዚህ ነው። በየሳምንቱ ገዳይ ከሚይዘው፣ በግል አውሮፕላን ከከተማ ከተማ ከሚበረው «ክሪሚናል ማይንድስ» ጋር መከራከር ቀላል ነው፤ አስተዋይ ሰው እሱን ሙሉ በሙሉ አያምነውም። የሚታመነው ይህኛው ነው።

የሚታመነው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ የሥነ ልቦና ዕውቀት ያለው መርማሪ የግድያውን ቦታ ተመልክቶ የገዳዩን ዕድሜ፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ከእናቱ ጋር የነበረውን ቅሬታ ሳይቀር ሊናገር ይችላል፤ ፖሊስም ያንን መግለጫ ይዞ ወንጀለኛውን ያገኛል። ፕሮፋይሊንግ የሚሉት ይህን ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። የዚህ ጥበብ ድል እየተባሉ የሚነገሩት ታሪኮች ሲመረመሩ ገዳዩን ያስያዘው ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። መግለጫው በርግጥ ምርመራውን በመራባቸው ጊዜያት ደግሞ ንጹሕ ሰው መከራውን አይቷል፤ እውነተኛው ገዳይም ጊዜ አግኝቷል።

ለመሆኑ ዕውቀቱ ከየት መጣ? ድራማው የተመሠረተው ጆን ዳግላስ ከማርክ ኦልሻከር ጋር በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ነው። ሆልደን ፎርድ የተባለው ወጣት መርማሪ የዳግላስ፣ ቢል ቴንች የሮበርት ሬስለር፣ ዶክተር ዌንዲ ካር ደግሞ የተመራማሪዋ የአን በርጀስ አምሳል ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የ36 ገዳዮችን ታሪክ አጠኑ። ሠላሳ ስድስት ሰው ብቻ፤ ያውም ሁሉም የተያዙ፣ ለመናገር ፈቃደኛ የሆኑ። ያልተያዘው፣ ዝም ያለው፣ እንዲሁም ተመሳሳይ አስተዳደግ ኖሮት ማንንም ያልገደለው በጥናቱ ውስጥ የለም። እናቱ ያዋረደችው ገዳይ ተገኘ ተብሎ ከተጻፈ፣ እናቱ አዋርዳው ሰላማዊ ዜጋ የሆነው ስንት ነው ተብሎ መጠየቅ ነበረበት። ያ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀረ።

ከተናገሩት ሁሉ ዝነኛው ኤድመንድ ኬምፐር ነው። በድራማው ውስጥ ተመልካች የማይረሳው ያ ግዙፍ፣ ጨዋ፣ አንደበተ ርቱዕ እስረኛ እሱ ነው፤ ፎርድ ከሱ አፍ እንደ ተማሪ ሲቀበል እናያለን። እውነተኛው ኬምፐር በ1964 በ15 ዓመቱ አያቶቹን ገደለ። የአእምሮ ሕሙማን ወንጀለኞች ሆስፒታል ገብቶ በ1969 ወጣ። በ1972 የአእምሮ ሐኪሞች ፊት ለፊት አናግረውት ከእንግዲህ ለማንም አደጋ እንዳልሆነ መሰከሩለት፤ በዚያው ሰሞን ሴት ተማሪዎችን በመኪናው እያሳፈረ እየገደለ ነበር። የሳንታ ክሩዝ ፖሊሶች ደግሞ በሰፈራቸው መጠጥ ቤት አብረውት ይጠጡ ነበር። በመጨረሻም እናቱንና ጓደኛዋን ገድሎ ወደ ኮሎራዶ ሸሸ፤ ከዚያ ራሱ ለፖሊስ ደወለ። መጀመሪያ አላመኑትም፤ ደግሞ መደወል ነበረበት። የወፍ ወንዱና የሰው ሆዱ አይታወቅም ይላሉ አባቶቻችን። ፊት ለፊቱ የተቀመጡ ሐኪሞችንና የጽዋ ጓደኞቹን ያታለለ ሰው በኋላ ስለ ራሱ የተረከው ትረካ እንዴት የሌላ ገዳይ መፈለጊያ ሊሆን እንደሚችል ድራማው አንድም ጊዜ በቅጡ አይጠይቅም። ገዳዩ የሚናገረው እንደ እውነት ይቀረጻል፤ ቀጥሎ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል።

ሰሌዳው ላይ ከተጻፉት ዋናው ገዳዮችን «የተደራጁ» እና «ያልተደራጁ» ብሎ ለሁለት የሚከፍለው ነው። የተደራጀው ያቅዳል፣ ሬሳ ይደብቃል፣ ቤተሰብና ሥራ ይኖረዋል፤ ያልተደራጀው ድንገት ይገድላል፣ ብቸኛ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ካንተርና ባልደረቦቹ በ2004 ባሳተሙት ጥናት የ100 አሜሪካውያን ተከታታይ ገዳዮችን ወንጀሎች ወስደው ይህ ክፍፍል እውነት መኖሩን ፈተሹ። አላገኙትም። የማቀድ ምልክቶች በአብዛኞቹ ላይ ይታያሉ፤ የግርግሩም ምልክት እንዲሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል እንጂ ሁለት ዓይነት ሰው የለም። ድራማው ከዚህ ጥናት 13 ዓመት በኋላ ቢወጣም ክፍፍሉን እንደ ታላቅ ግኝት ያቀርበዋል።

«ግን መግለጫዎቹ ትክክል ሆነው ይገኛሉ» የሚል አለ። ለዚህ መልሱ ከአርባዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ሰጥቶ፣ ውጤታችሁ ነው ብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አደላቸው። ጽሑፉን ያሰባሰበው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። ተማሪዎቹ «በትክክል እኔን ይገልጻል» ብለው በአማካይ ከ5 ነጥብ 4.26 ሰጡት። በ2003 ሎረንስ አሊሰንና ሌሎች የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህንኑ በፖሊሶች ላይ ሞከሩት። አንድ እውነተኛ የገዳይ ፕሮፋይል ሰጧቸው። ለግማሾቹ የእውነተኛውን ገዳይ ታሪክ፣ ለተቀሩት ደግሞ ተመራማሪዎቹ ፈጥረው የጻፉትን፣ ከመጀመሪያው እጅግ የሚለይ ሰው ታሪክ አያያዙላቸው። ከሁለቱም ወገን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መግለጫው ትክክል ነው አሉ። ለሁለት ፍጹም ለማይመሳሰሉ ሰዎች የሚስማማ ልብስ የማንም ልክ አይደለም።

የዚህ ሙያ መነሻ ተደርጎ የሚተረከው የኒው ዮርኩ ቦምብ አጥማጅ ታሪክም ከዚህ አያልፍም። ጆርጅ ሜተስኪ ከ1940 ጀምሮ ለ16 ዓመት በቲያትር ቤቶች፣ በባቡር ጣቢያዎችና በቤተ መጻሕፍት ቦምብ ሲያጠምድ ኖረ። በ1956 ጄምስ ብሩሰል የተባለ የአእምሮ ሐኪም ፋይሉን አንብቦ፣ ስትይዙት ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለው ኮት ለብሶ፣ ቁልፉንም ቆልፎ ታገኙታላችሁ አለ ይባላል። ሰውየው ሲያዝ ፒጃማ ለብሶ ነበር፤ ልበስ ሲባል ያንን ዓይነት ኮት ለበሰ። በዚያ ዘመን ኮቱ የብዙ ወንድ ልብስ ነበር። የትንቢቱን ታሪክ በዚህ ድምቀት ያሰራጨው ደግሞ ብሩሰል ራሱ በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ሜተስኪን ማን አገኘው? ቀድሞ ይሠራበት በነበረው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ጸሐፊ የነበረች አንዲት ሴት። ካሳ ተከልክለው ያኮረፉ የቀድሞ ሠራተኞችን አሮጌ ፋይል አንድ በአንድ ስታገላብጥ፣ ቦምብ አጥማጁ ለጋዜጦች ይጽፈው የነበረውን አነጋገር በአንዱ ፋይል ውስጥ አገኘችው። በብሩሰል ስም አንድ ሙያ ተመሠረተ። የሷን ስም የሚያውቅ ተመልካች አላጋጠመኝም።

እኛ ይህን እምነት ከሩቅ ሀገር የምናየው እንግዳ ነገር አድርገን መውሰድ የለብንም። በሀገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ራሱን ይስታል፣ ወገቡን በመቀነት ተይዞ ከቤት ቤት ይሮጣል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ይከፍላል። በኋላ መንግሥት ከለከለው፤ መከልከሉም ተገቢ ነበር። የሥርዓቱ ክፉ ነገር ልጁ መሳሳቱ ብቻ አልነበረም። ልጁ የወደቀበት ሰው «አልሰረቅሁም» ቢል የሚሟገተው ከምን ጋር ነው? ምስክር የለም ሊጠየቅ፣ ማስረጃ የለም ሊፈተሽ። የገዳይን ነፍስ አነበብሁ የሚል ባለሙያ ጣቱን የቀሰረበት ሰውም ያለበት ቦታ ይኸው ነው። ክህደቱ ራሱ የጠባዩ ምልክት ተደርጎ ይጻፍበታል።

ይህን ለማየት የለንደኑን የዊምብልደን ሜዳ ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። በሐምሌ 1992 አንዲት የ23 ዓመት እናት ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጇ ፊት በጩቤ ተገደለች። የለንደን ፖሊስ ፖል ብሪተን የተባለ ታዋቂ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠራ። ብሪተን የገዳዩን የወሲብ ምኞት ሳይቀር የሚዘረዝር መግለጫ አዘጋጀ። በአካባቢው ብቻውን የሚኖር፣ ውሻውን በዚያ ሜዳ የሚያንሸራሽር አንድ ሥራ አጥ ሰው ነበር። መግለጫውን ይመስላል ተባለ። ስሙ በጋዜጣ የበቃውን ያህል ተጎትቷልና እዚህ አልጽፈውም። ማስረጃ ስላልነበረ ፖሊስ በብሪተን ምክር አንዲት ሴት ፖሊስን ወዳጅ አስመስሎ ላከበት። ለወራት ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ፍቅሯን የሚያገኘው ጨካኝ ነገር ከሠራ እንደሆነ አስረዳችው። ብቸኛው ሰው ሊያስደስታት የፈለገችውን ምኞት እየፈጠረ ጻፈላት። ግድያውን ግን አልፈጸምሁም አላት፤ በዚህ ጸና። እሱ ሊያስደስታት የጻፈው ከመግለጫው ጋር ተስማማ ተብሎ ነሐሴ 1993 ተያዘ።

በዚያው መከር የእንግሊዝ ቴሌቪዥን «ክራከር»ን ማሳየት ጀመረ፤ ጠጪና ቁማርተኛ የሆነ የሥነ ልቦና ሐኪም በንግግር ብቻ ገዳዮችን እያፋጠጠ የሚያናዝዝበት ድራማ ነው። ከሱ በፊት ባለው ዓመት «የበጎቹ ዝምታ» የተባለው የሆሊውድ ፊልም አምስት ኦስካር ወስዶ ነበር። ሕዝቡ ማታ ማታ ያ ጥበብ ሲሠራ ያያል፤ ቀን ቀን ንጹሕ ሰው በእስር ይማቅቃል። መስከረም 1994 ዳኛ ኦግኖል ጉዳዩን አይተው የፖሊስን ማታለል በጠንካራ ቃል አውግዘው ፋይሉን ዘጉት። ሰውየው 13 ወር ታስሮ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም ለ14 ዓመት ያህል «በሕግ ቀዳዳ ያመለጠ ገዳይ» እየተባለ ኖረ።

ገዳዩ ሮበርት ናፐር ነበር። ይህ ሰው በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ሴቶችን ሲደፍር የቆየ ነው። በ1989 እናቱ ራሷ ለፖሊስ ደውላ ልጄ ሴት ደፍሬአለሁ ብሎኛል ብላ ነበር፤ ከመዝገብ ጋር የሚገጥም አልተገኘም ተብሎ ታለፈ። በ1992 ለደም ምርመራ ተጠርቶ ቀረ፤ ቁመቱ ከተፈላጊው ይረዝማል ተብሎ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ተሰረዘ። ፖሊስ የዊምብልደኑን ብቸኛ ሰው በእስር ይዞ እያለ፣ በኅዳር 1993 ናፐር አንዲት እናትንና የ4 ዓመት ልጇን በቤታቸው ገደለ። የዊምብልደኑን ግድያ ማመኑ የተሰማው በ2008 ነው፤ ከዚህ ግድያ ጋር ያገናኘውም የተሻሻለ የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ለንጹሑ ሰው በዚያ ዓመት 706,000 ፓውንድ ካሳ ተከፈለ። ለሟቿ እናትና ለሕፃኗ የሚከፈል ነገር የለም።

ብቸኛ ስህተት አይደለም። አትላንታን እኛ የምናስታውሳት በፋጡማ ሮባ የማራቶን ወርቅ ነው። ፋጡማ ሐምሌ 28 ቀን 1996 ስትሮጥ ከተማዋ ከአንድ ቀን በፊት በኦሊምፒክ መናፈሻ በፈነዳ ቦምብ ደንግጣ ነበር። ቦርሳውን አይቶ ሰው ያሸሸው የጥበቃ ሠራተኛ ሪቻርድ ጁወል ነው። ብዙ ሕይወት አዳነ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ጀግና ለመባል ሲል ራሱ አደጋ የሚፈጥር ሰው የሚለውን መግለጫ ይመስላል ተብሎ ስሙ በጋዜጣ ወጣ። ከእናቱ ጋር ይኖራል፣ ፖሊስ መሆን ይመኛል፤ ማስረጃው ይኸው ነበር። የኤፍቢአይ ሰዎች የሥልጠና ፊልም እንሥራ ብለው አታለው ሊመረምሩት ሞከሩ። በጥቅምት ንጹሕ ነው የሚል ደብዳቤ ደረሰው። እውነተኛው አጥማጅ ኤሪክ ሩዶልፍ ከዚያ በኋላ በሦስት ተጨማሪ ቦታዎች ቦምብ አፈንድቷል፤ በ1998 በበርሚንግሃም አንድ ፖሊስ ገድሏል። የያዘው በ2003 በአንዲት ትንሽ ከተማ ከሱቅ ጀርባ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ያየው ጀማሪ ፖሊስ ነው።

የጥቅምት 2002ን የዋሽንግተን ተኳሽ ደግሞ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን አይረሱትም። ነዳጅ ሲቀዱ ጎንበስ ብለው፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲያመጡ ሮጠው ያለፉበት ሦስት ሳምንት ነው። በዚያ አካባቢ 10 ሰው ሞተ። በቴሌቪዥን የሚቀርቡት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ብቻውን የሚንቀሳቀስ ነጭ ወንድ ነው አሉ፤ ሕዝቡና ፖሊሱ ነጭ ቫን መኪና ሲፈልግ ሰነበተ። የተያዙት ጆን አለን መሐመድና ሊ ቦይድ ማልቮ ሁለት ናቸው፣ ጥቁሮች ናቸው፣ መኪናቸው ሰማያዊ ሼቭሮሌ ነው፤ ፖሊስም መኪናዋን ከዚያ በፊት ደጋግሞ አይቶ አሳልፏታል። ያስያዛቸው በአላባማ ከፈጸሙት ወንጀል የተገኘ የጣት አሻራና በአውራ ጎዳና ማረፊያ መኪናዋን አይቶ የደወለ ሰው ነው። ከዋሽንግተን በፊት ከገደሏቸው መካከል በአትላንታ በሱቅ ደጃፍ የወደቀ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ።

የ«ማይንድኸንተር» ጠበቆች ሁለተኛውን ሲዝን ይጠቅሱልኛል። ከ1979 እስከ 1981 በአትላንታ ጥቁር ሕፃናትና ወጣቶች ሲገደሉ ብዙዎች ገዳዩ ነጭ ዘረኛ ነው ሲሉ፣ ፕሮፋይሉ ግን ጥቁር ወጣት ነው አለ፤ የተያዘው ዌይን ዊልያምስም ጥቁር ነው። ይህ ትክክል ነው፤ አልሸሸውም። ነገር ግን ዊልያምስን ያስያዘው በግንቦት 1981 ከሌሊቱ በድልድይ ሥር አድፍጦ የነበረ ምልምል ፖሊስ የውሃ ጩኸት መስማቱ ነው። ያስፈረደበት በሬሳዎቹ ላይ የተገኘ የምንጣፍ ክርና የውሻ ፀጉር ነው። የተፈረደበትም በሁለት አዋቂዎች ግድያ እንጂ በአንድም ሕፃን አይደለም፤ የአብዛኞቹ ሕፃናት ፋይል የእሱ ነው ተብሎ ያለ ፍርድ ተዘጋ። የልጆቻቸውን ገዳይ በችሎት ያላዩ እናቶች ተቃወሙ። ድራማው የእነዚህን እናቶች ፊት ማሳየቱን አከብርለታለሁ። ተመልካቹ ግን ከወንበሩ የሚነሣው «ፎርድ ልክ ነበር» ብሎ ነው፤ ክሩን የመረመረው የላቦራቶሪ ሰው ማን እንደ ነበረ አያውቅም።

የሥነ ልቦና ዕውቀት በምርመራ ውስጥ ቦታ የለውም አልልም። ተጠርጣሪን እንዴት መጠየቅ እንደሚሻል፣ የተጎዳ ምስክር እንዴት እንደሚያዝ፣ ሁለት ወንጀሎች የአንድ ሰው ሥራ መሆን አለመሆናቸው፣ በእነዚህ ላይ ባለሙያ ይጠቅማል። ድራማ እነዚህን አያሳይም፤ የሚያሳየው ያልታየን ሰው መግለጽን ነው። «ድራማ ነው፣ ምን አለበት» ለሚሉኝም መልሴ አጭር ነው፦ ድራማውን የሚያዩት ነገ ምስክር፣ ጎረቤት፣ ጋዜጠኛ፣ ዳኛና ፖሊስ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። ብቻውን የሚኖር፣ ሰላምታ የማያበዛ ጎረቤት ላይ «ፊቱ ያስታውቃል» ማለት በኛም መንደር አለ። ያንን ሐሜት ሳይንስ ነው ብሎ ማክበር ሰው ያሳስራል።

በ«ማይንድኸንተር» ብዙ ክፍሎች መግቢያ ላይ በካንሳስ የሚኖር አንድ ዝምተኛ ሰው ይታያል። ዴኒስ ሬደር ነው፤ ከ1974 እስከ 1991 አሥር ሰው ገድሏል። ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምክር ቤት ሰብሳቢ ነበር። መግለጫ ተዘጋጅቶለታል፤ ማንም በመግለጫው አላገኘውም። በ2005 የተያዘው ለፖሊስና ለመገናኛ ብዙኃን በሚልካቸው መልእክቶች መካከል ፍሎፒ ዲስክ ስለላከ ነው፤ ዲስኩ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑና የራሱ ስም ተቀርጾ ተገኘ።

አሁን በአማርኛም የወንጀል ትረካና ድራማ እየበዛ ነው። ለምትጽፉት የምለምነው አንድ ነገር ነው። መርማሪያችሁን ልብ አዋቂ አታድርጉት፤ ፋይል የሚያገላብጥ፣ የደወለን ሰው ቃል የሚመዘግብ፣ «ይመስላል» ሲባል «ማስረጃው የታለ?» የሚል አድርጉት። እንዲህ ያለው ሰው ድራማ አይሆንም አትበሉ። በ1989 የናፐርን እናት ስልክ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው የተከታተለ አንድ መርማሪ ቢኖር ኖሮ፣ በ1992 እና በ1993 የተገደሉት ሁለት እናቶችና አንዲት ሕፃን በሕይወት ሊኖሩ ይችሉ ነበር።